በላቸው ሲያወራ የምትተኛው ልጅ

ባሌ በላቸው ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ቢቸና ላይ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው የሚመልሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ምስጢር ሊነግረኝ ጠጋ ሲል እኔ ሸሸት እላለሁ። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አጠገቡ የቆመውን ሰው በሹክሹክታ፣ ማለትም እሱ ሹክሹክታ በሚለው ድምፅ፣ ሟች ስንት ልጅ እንደነበራቸው ቢጠይቅ መልሱ ከመቃብሩ ማዶ መጣ። የመለሱለት የሟች ወንድም ነበሩ።

ጥፋቱ የወፍጮው ነው። በላቸው ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ያፏጫል፣ ድንጋዩ ያጓራል፤ እዚያ ቆሞ ይህ የማን ጤፍ ነው ለማለት እንኳ ከሆድ መጮህ ያስፈልጋል። እንዲያ ሲጮህ የኖረ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ድምፁን ከልብሱ ዱቄት ጋር አራግፎ መግባት አይችልም። እኔ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ሌላው ሰው ግን ብዙ ፈጅቶበታል።

የተወለደው ከየጥኖራ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱ እናቱ ፈንታነሽ የሰው እህል በእጃቸው እየፈጩ ብቻቸውን አሳደጉት። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ ከሠርጋችን በፊት አርፈዋል። ወደ አካባቢያቸው የሞተር ወፍጮ የመጣ ጊዜ የእናትየው እንጀራ ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ወፍጮውን ሲረግም ይኖር ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄዱና ለባለቤቱ፣ ይህን ልጅ ሥራውን አስተምሩልኝ፣ የእኔን ጉልበት የጨረሰ ድንጋይ ልጄን ያብላው አሏቸው። ከዚያ ወዲያ በላቸው ከወፍጮ ተለይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ቀጥሎ ጆንያ ያዥ፣ ኋላም ድንጋይ ወቃሪ ሆነ። ቢቸና የገባው ጎረምሳ ሆኖ ነው። ዛሬ የራሱ ወፍጮ አለው፤ የቅንድቡ ጥቁረት የሚታየውም እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ስሜ አምሳለች ይባላል። በላቸውን ያወቅሁት ቢቸና አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር ነው። አክስቴ ጤፍ ላስፈጭ ላከችኝ፤ ወፍጮ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ተራዬን ስጠብቅ በላቸው ወደ ጓደኛው ጎንበስ አለና፣ ማንም የማይሰማው መስሎት፣ ያችን ቀይ ጥለት የለበሰችውን ልጅ ካላገባሁ ሰው አይደለሁም አለ። ሞተሩ እየዞረ እንኳ ሰልፉ በሙሉ ሰማው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ጥለቴን አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን ዱቄቱን ተሸክሜ መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነው የሄድኩት።

እናቴ ስንቄ አልሳቀችም። እናቴ የድጓ መምህር ሚስት ነበረች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በቤቱ ውስጥ ዜማ እንጅ ጫጫታ አይወድም ነበር፤ እኛም ያደግነው እግራችንን እየመጠንን፣ ዕቃ ስናስቀምጥ እንኳ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅን ነው። ሞጣ ላይ የእናቴ ጨዋነት የታወቀ ነው፤ ተቆጥታ እንኳ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማ የለም። በላቸው ሽማግሌ በላከ ጊዜ ሥራውንና ጠባዩን አስጠይቃ ነውር አጣችበትና እሺ አለች። የመጀመሪያውን ቀን መጥቶ እጅ ነስቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ሲሄድ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ደግ ሰው ይመስላል፣ ግን ሰው ነው ወይስ ሞተር ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ እሱ በመጣ ቁጥር ብርድ የመታት መስላ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ ታደርጋለች። በላቸው የዋህ ነውና አንድ ቀን እንዲያውም ለእናትሽ ወፈር ያለ ጋቢ እንግዛላት፣ ብርድ አይስማማትም አለኝ።

ከተጋባን በኋላ ወፍጮ ቤቱን አብረን እንሠራ ጀመር። ሚዛኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሳረግዝም ከዚያው አልተነሳሁም። ልጅቷ ሆዴ ውስጥ ስትገላበጥ የምትውለው ሞተሩ በጠፋ ሰዓት ነበር፤ ሲነሳ አደብ ትገዛለች። እኔ ግን ያኔ ነገሬም አላልኩት።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሚስት እናት ቤት ነው፤ ልማዱ ነው። ስለዚህ የመውለጃዬ ወር ሲቃረብ ሞጣ ሄድኩ። የወለድኩት ሆስፒታል ነው፤ ሴት ልጅ ሆነች። እልል ተባለ፤ እናቴ እንኳ አለች፣ በቀስታ። በማግሥቱ ወደ ቤት ስንገባ የእናቴን ቤት አላወቅሁትም። በሮቹ በጨርቅ ተለብጠዋል፤ ሲዘጉ እንዳይንኳኩ ነው። ውሻችን ዘመድ ቤት ተልኳል። አውራ ዶሮው ታርዷል፤ ለአራስ ነው ተብሎ ነው፣ ግን ኃጢአቱ መጮኹ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በአጥር የምንዋሰነው አናጢው ይታገስ መጋዙን ለጊዜው እንዲያቆም ተለምኖ እሺ ብሏል። እናቴ የምታምነው እንዲህ ነው፦ ጨቅላ በእንቅልፏ ፈገግ የምትለው ማርያም ስታጫውታት ነው፤ ማርያም የምትገባው ደግሞ ዝም ወዳለ ቤት ነው። ለመጠየቅ ገንፎ ይዘው የሚመጡት ሴቶች በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ በእግራቸው ጣት ተራምደው፣ በጥቅሻ «ማርያም ማረችሽ» ብለውኝ ይወጡ ነበር።

በላቸው በመጀመሪያው ቀን ስልክ ደወለ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅ አድርጌ ይዤው እንኳ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ደስታውን ይናገራል፤ የቢቸና ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ እንዳለው፣ ደንበኞቹ ሁሉ እንደመረቁት ይናገራል። እናቴ ቀስ ብላ መጣችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አራስ ስልክ አታወራም ብላ አጠፋችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችውና ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለእናቴ መልስ መስጠት አልለመድኩም፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ ልጅቷ መተኛት እምቢ አለች።

አራስ ልጅ ማልቀሷ አያስደንቅም ትሉኝ ይሆናል። ይህ ግን ሌላ ነበር። ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር እሷ ትበረግጋለች። ታቅፌ ስወዘውዛት ዓይኗ ክድን ይላል፣ ወዲያው የሆነ ነገር እንዳጣ ሰው እጆቿን ዘርግታ ትነቃና ታለቅሳለች። እናቴ በደረቷ አስተኛቻት፤ በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለቻት፤ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ እሹሩሩ አለችላት። የአክስቴ ልጅ ወይንእሸት ታግዘን ነበርና እሷም በተራዋ ይዛት በክፍሉ ውስጥ ተመላለሰች። ምንም። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጡቴን ትይዛለች፣ ግን ሁለቴ ስባ ትተወውና እንደገና ታለቅሳለች። የማትተኛ ልጅ መጥባት አቅቷት ነበር። የማትጠባ ልጅ ደግሞ ምን እንደምትሆን ማንም እናት ታውቀዋለች።

እናቴ ለልቅሶው የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ዝምታ መጨመር። ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር ቤቱ ይበልጥ ጸጥ ይላል። ምጣዱ ወደ ጎረቤት ሄደ። ጠያቂዎች ከአጥር ውጭ እንዲመለሱ ተደረገ። ወይንእሸት አንድ ጊዜ አስነጥሷት በነጠላዋ አፍና ልትሞት ነበር። እኔም ወተቴ መቀነሱን አየሁ፤ ሰውነቴ ሁሉ ዛለ፤ ልጄ በእጄ ላይ እየቀለለች የመጣች መሰለኝ።

መምሰሉ ብቻ አልነበረም። ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ሲስተር ዘሪቱ ልትጠይቀኝ መጣች። ዘሪቱ የወሎ ልጅ ናት፤ ሞጣ ተመድባ ነው የምትሠራው፤ እጇ ረጋ ያለ፣ ሳቂታ ሴት። ልጅቷን ሚዛን ላይ ሰቀለቻት፣ ቁጥሩን አየች፣ ሳቋ ጠፋ። ገላዋን ሁሉ መርምራ ትኩሳትም ኢንፌክሽንም እንደሌላት፣ ግን ክብደቷ መቀነሱን ነገረችን። እስክትመለስ ድረስ ካልተሻላት ሆስፒታል እንደምታስተኛት፣ ከጡት በቀር ምንም እንዳይሰጣት፣ ቤቱንም እንዲህ ከማፈን እንደወትሮው ብንተወው ጥሩ እንደሆነ ለእናቴ አስረዳቻት። እናቴ በአክብሮት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻት፤ በር ድረስ ሸኘቻት፤ ተመልሳም መስኮቱን በብርድ ልብስ ከለለችው።

ያን ጊዜ ፈራሁ። በላቸውን ፈለግሁት። ምን ያደርግልኛል ብዬ ሳይሆን፣ ልጁ እየከሳች መሆኑን ሳያውቅ ቢቸና ላይ እንኳን ደስ አለህ ሲባል መዋሉ አንጀቴን በላው። እናቴን ስልኬን ስጭኝ ብላት፣ ነገ እሰጥሻለሁ አለችኝ። ነገ ሲመጣም ነገ አለች።

በላቸው በኩል ያለውን ኋላ ነው የሰማሁት። ሲደውል ስልኬ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። በገበያ ቀን፣ ሰው ከየገጠሩ እህሉን በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በተደረደረበት ሰዓት፣ ሞተሩን አጠፋና ሚስቴ ዘንድ ልሄድ ነው አለ። ወፍጮ በገበያ ቀን ሲዘጋ ቢቸና አይቶ አያውቅም። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ሰውዬው አብዷል አለ። እሱ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ መናኸሪያ ሄዶ እስከ ደብረ ወርቅ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ሞጣ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጅቷ እጄ ላይ ናት፣ ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ እንኳ ሰልሎ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ውጭ ቆማ ትጸልያለች። በእናቴ ቤት ልጅ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ወንድ ከአራስ መጋረጃ አያልፍም። የውጭው በር ሲከፈት ወይንእሸት በሩጫ ወጣች። በላቸውን ስታይ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ ኧረ በማርያም ዝም በል የሚል ምልክት ሰጠችው። እሱም ገባው፤ በተቻለው መጠን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ።

ሰሃኖቹ መደርደሪያቸው ላይ ተንኳኩ። እኔ አምላኬ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ልጄ ዝም ብላለች። አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እንደ ትልቅ ሰው ታዳምጣለች።

እናቴ በላቸውን ዝም ልታሰኝ እየሮጠች ወጥታ ነበር። መንገድ ላይ የልጅቷ ልቅሶ መቆሙን ሰማች። የእናቴ ልብ ምን እንዳሰበ ማወቅ ቀላል ነው፤ ያ ሁሉ ቀን ያላባራ ልቅሶ ድንገት ሲቆም ሌላ ምን ይታሰባል። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች፣ መጋረጃውን በሁለት እጇ ቀደደችው ማለት ይቻላል። ልጅቷ ጡቴን ይዛ ትስብ ነበር። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ውጭ ወይንእሸት የበላቸውን አፍ በእጇ ግጥም አድርጋ ይዛዋለች። ቤቱ እንደገና ዝም አለ። ወዲያው ልጅቷ ጡቱን ተፋችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። እኔና እናቴ ተያየን።

«እማ፣ ተይው ይናገር» አልኳት።

ብዙ ነገር በእናቴ ፊት ላይ ሲያልፍ አየሁ። ከቤት ያስወጣችው ውሻ፣ ያረደችው ዶሮ፣ የለበጠችው በር ሁሉ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ከዚያ ተነሳች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ «በላቸው፣ ተናገር» አለችው።

«ምን ልናገር?» አለ እሱ። ልጅቷ ዝም አለች።

«የመጣልህን። ብቻ አታቋርጥ።»

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ሰው፣ ተናገር ሲባል የሚለው ጠፋው። ከመጋረጃው ወዲያ መደቡ ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ መንገዱን ተናገረ፤ ደብረ ወርቅ ላይ መኪና ስንት ሰዓት እንዳስጠበቀው፣ ሹፌሩ እንዴት ያለ ክፉ እንደሆነ። እሱ ሲያልቅ ወደ ወፍጮው ገባ። ለልጁ ሞተሩን ከሥሩ ጀምሮ አስረዳት፤ ቺንጋው ሲላላ ምን እንደሚያሰማ፣ ገብስ ሲፈጭና ጤፍ ሲፈጭ ድንጋዩ እንዴት እንደሚለያይ። ደንበኞቹን አንድ በአንድ ቆጠረላት፤ እትየ እገሊት ሁልጊዜ ዱቄቱ ጎደለ ይላሉ፣ አባ እገሌ ሽምብራቸውን ሳይለቅሙ ያመጣሉ። ልጅቷ ጠባች። ጠብታ ጠብታ ዓይኗ ከበደ። ጡቱ አፏ ውስጥ እንዳለ ተኛች። አልጋው ላይ በጀርባዋ ሳስተኛት እንኳ አልተነቃነቀችም።

የቢቸና እህል ሲያልቅበት በላቸው እናቱን አነሳ።

«ስሚ ልጄ» አለ፣ በዚያ የሙት ቀስቃሽ ድምፁ። «እኔን እናቴ የምታስተኛኝ አዝላኝ ስትፈጭ ነበር። ድንጋዩ ሲያጓራ እተኛለሁ፣ ድንጋዩ ሲቆም እነቃለሁ። እህሉ አልቆ እንኳ፣ ልጄ ይተኛ ብላ ባዶውን ድንጋይ ትገፋልኝ ነበር። ወገቧ ተቆርጦ፣ እጇ ደምቶ፣ ባዶውን። አያትሽ ፈንታነሽ እንዲያ ያለች ሴት ናት። ባታያትም እወቂያት።»

እኔ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። እናቴን ባያት ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳለች፤ ትሰማዋለች። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መዳፎቿን እያየች፣ እሷም እኔን በጀርባዋ አዝላ ስትፈጭ እንዴት እተኛ እንደነበር፣ ያ ሁሉ ድምፅ እያለ አንድ ቀን እንኳ እንዳልበረገግሁ ነገረችኝ። ይህን የተናገረችው ለእኔ ነው፣ ግን በላቸው እንዲሰማው አድርጋ ነው። በሕይወቴ እናቴ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በላቸው እስኪመሽ አወራ። ሲደክመው ወይንእሸት ጠላ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ቀጠለ። ድምፁ ሲጎረነን እናቴ መስኮቱን የከለለውን ብርድ ልብስ አውርዳ ወደ ጎረቤት ተጣራች፣ ይታገስን መጋዙን እንዲያነሳ ነገረችው። ይታገስ የሰማውን ባለማመን ሁለቴ አስደገማት። ምጣዱ ተመለሰ፤ የውጭው በር እንደ ድሮው ይንኳኳ ጀመር፤ ጠያቂ ሴቶችም ገብተው አፍ አውጥተው መረቁኝ። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ወይንእሸት፣ ጨው አምጭ» ስትል መንገደኛ ዞር ብሎ ያይ ነበር። መጮህ ለምታውቅ ሴት ቀላል ነው፤ እናቴ ግን በስተርጅና ነው የተማረችው፣ ስለዚህም መጠኑን አታውቀውም።

ሲስተር ዘሪቱ ስትመለስ ሚዛኑን አይታ ሳቀች። የሆነውን ስንነግራት ይበልጥ ሳቀች። ልጅቷ በማህፀን ሳለች የለመደችው ድምፅ እንደናፈቃት፣ የአባቷ ወሬና የቤቱ ጫጫታ እንደማይጎዳት፣ ለጆሮዋ ሲባል ግን እስክታድግ ድረስ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እንዳናስገባት መከረችን። በላቸው ወደ ሥራው መመለስ ስላለበትም እሷው ናት ዘዴ ያገኘችው። ስልኬ ከሣጥኑ ወጣና በላቸው መደቡ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ቀዳበት። ምን እንደቀዳ ብትሰሙ፣ የገብስ አፈጫጨት ነው። ቢቸና ከተመለሰ በኋላ ልጄ በገብስ አፈጫጨት ስትተኛ ሰነበተች። እናቴ ሽሮ ስትሠራም ልክ እንደ ጸሎት ቃል በቃል አብራው ትደግመው ነበር።

እኔ በባሌ እኮራለሁ። ይህን ዝቅ አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አይታየኝም። ሰው በሚስቱ ዘመዶች ቤት ጆሮ ሲከደንበት ኖሮ፣ በዚያው ባፈሩበት ነገር ልጁን ከሞት አፋፍ መለሰ። ቂም አልያዘም፤ እንዲያውም ሲያፍሩበት እንደነበር እስከ ዛሬ ያወቀ አይመስለኝም። ጥሩ ሰው ማለት ለእኔ እሱ ነው።

የክርስትናዋ ቀን ጠዋት ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን አስነስተን ስንመለስ የእናቴ ቤት በዘመድ ተሞልቶ ነበር። በክርስትና ስሟ ወለተ ገብርኤል ተብላለች። ከመርጡለ ማርያም የእናቴ ታላቅ ወንድም ቄስ ወልደ ሰንበት መጥተዋል፤ በቤተሰቡ ውስጥ ሁሉም የሚፈራቸው፣ ከአባቴም የባሰ ዝምታ ወዳድ ሰው ናቸው። ቡራኬ ተሰጥቶ ማዕድ ቀርቦ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይበላል። በላቸው መሀል ላይ ልጁን ታቅፎ ተቀምጧል። እሱ ብቻ ነው የሚናገረው። ለልጁ እንግዶቹን እያስተዋወቃት ነው፤ ይህ የእናትሽ የአጎት ልጅ ነው፣ ይህች ከደብረ ወርቅ የመጣችው አክስትሽ ናት ይላታል፤ ቤቱም ያስተጋባል። ልጅቷ ክንዱ ላይ ለሽ ብላለች።

ቄስ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው፣ «ስንቄ፣ ይህ የሚጮኸው ማነው?» አሏት።

እናቴ ከወንድሟ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች፤ ሲቀመጥም ተሰማ።

«ልጄ ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት። «ተዉት ይጩህ።»

በላቸው ሰማት። ጀምሮት የነበረው ቃል አፉ ላይ ቀረ። እናቱን ከቀበረ ወዲህ ማንም ልጄ ብሎት አያውቅም። እናቴን ያያታል፤ ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተው። ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። ልጅቷም ክንዱ ላይ ብርግግ ብላ ነቃችና ልቅሶዋን ለቀቀችው።